ማኅበርና ግብር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



«ማኅበር ግብር አይከፍልም» የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ከገቢ ግብር ነፃ ሲያደርግ፣ አባላት ግን ከሚደርሳቸው የትርፍ ድርሻ እንዲከፍሉ ደንግጎ ነበር። ትርፍ በሚከፋፈልበት ቀን ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ደመወዝማ ከመጀመሪያውም ነፃ አልነበረም። አንድ ማኅበር ጤፉን ያለ ደላላ ለሸማቹ ለማድረስ ቦሌ ወይም ለሚ ኩራ ሱቅ ከፍቶ ሻጭ በወር 6,000 ብር ቀጠረ እንበል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ቀሪው 2,000 ደግሞ 20 በመቶ ይታሰብበታል፤ ድምሩ 700 ብር ነው። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቀነሳል። ሠራተኛው 4,880 ብር ይዞ ቤቱ ይገባል። ማኅበሩም ከራሱ 11 በመቶ፣ 660 ብር ለጡረታ ይጨምራል።

ገበሬው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። 700 ብሩ የመንግሥት እንጂ የማኅበሩ ገንዘብ አይደለም፤ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ከነዝርዝሩ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መግባት አለበት። ሒሳብ ያዡ ሳይቀንስ ሙሉውን ቢከፍል፣ ወይም ቀንሶ ማዳበሪያ ቢገዛበት (ለበጎ ነው ቢልም)፣ ዕዳው ከነቅጣቱና ከነወለዱ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው። በሬ ጠምዶ ያረሰው አባል ድርሻ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጠቅላላ ጉባኤው «ትርፉ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት የደመወዝ ግብር ደረሰኞችን ፋይል ያስቀርብ። በዓመት 12 መሆን አለባቸው።