የተማሪው ማደሪያና ጎረቤቱ
(በኮሶዬ ለደጋፊዎቻችን የተደረገ ንግግር)



እኛን የምታውቁን በስንዴ፣ በዘይትና በብርድ ልብስ ነው። ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ ተማሪ ማደሪያ ነው። «የተራበ ሳለ ስለ ኮሌጅ አልጋ ማሰብ ምን ይባላል?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ጎንደር ራሷ ትሰጠናለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በእኛ 1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በአንድነት ተማሩበት፤ በቡድን ሆነውም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ ሠለጠኑ። አልጋቸው በግቢ፣ ትምህርታቸው ግን ከአጥሩ ውጭም ነበር። ያ ኮሌጅ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

አሁን ያለንባትን ኮሶዬን ተመልከቱ። ከጎንደር በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደባርቅ መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ የኮሶን ዛፍ ያስታውሰናል፤ አበባው አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት መራራ መድኃኒት ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ከእንዲህ ያለ መንደር ልጅ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲወርድ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ ተሸክሞ ነው። ዱቄቱ ሲያልቅ ትምህርቱም ይናጋል። ዩኒቨርሲቲ የገባው በመንግሥት አልጋና ምግብ ቢያገኝም፣ የሳሙናውና የመሳፈሪያው ገንዘብ ያው ከወላጆቹ ገብስ ይወጣል።

የግቢው ጎረቤትስ? ክፍል የምታከራይ፣ እንጀራ የምትሸጥ፣ ልብስ የምታጥብ እናት ኑሮዋ በተማሪው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን የእርሷም ምጣድ ቀዘቀዘ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ ስንቅ ከላኪው እጅ ይቀራል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስንቁ ላለቀበት ተማሪ የወር ቀለቡን እንቻልለት፤ እንጀራውንም ከሩቅ አናምጣ፣ ከዚያችው ከጎረቤቱ እናት እንግዛ። አንዱ ስጦታ ሁለት ቤት ይደግፋል።

በሉቃስ ወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ የቁስለኛውን ቁስል በማሰር ብቻ አልቆመም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ለባለ ማደሪያውም ከፈለ። ማደሪያና ባለ ማደሪያው የምሕረት ሥራ ክፍል ናቸው። ይህን በጸሎታችሁ አስቡ፤ እጃችሁንም ዘርጉ።