አንድ ቀን በጃማይካ ደሴት፤ ስለ ምግቡና ስለ ሕዝቡ ኑሮ የተደረገ ንግግር



እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለዚህ በዓል ንግግር እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ከጂኦግራፊ ትምህርታችን የካሪቢያንን ባሕር ደሴቶች መረጥን። ወደዚያ የሚሄደው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ባሕር ፈልጎ ነው፤ ምግቡም መጠጡም አስቀድሞ በሚከፈልባቸው ሆቴሎች አርፎ፤ ከግቢው ሳይወጣ ወደ አገሩ የሚመለስም ሞልቷል። ነገር ግን የአገሩን ተወላጅ መሪ አድርጎ፤ አንድ ቀን ገበያውንና ጓዳውን ሲያይ የሚውል አለ። እኛም በመጻሕፍት ያገኘነውን ሰብስበን በጃማይካ እንዲህ ያለው ጉዞ ምን እንደሚያሳይ እንነግራችኋለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው የሚጀመረው በቁርስ ነው። ስመ ጥሩ ቁርስ አኪና የጨው ዓሣ ይባላል። አኪ ቀይ ልጣጭ ያለው የዛፍ ፍሬ ሲሆን፤ ብጫው ሥጋው ተቀቅሎ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋራ ሲጠበስ የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ፍሬው በዛፉ ላይ ሳለ በራሱ ጊዜ ካልተከፈተ መርዝ አለበት፤ ስለዚህ ባለሙያዋ እስኪከፈት ድረስ ትታገሣለች። ዛፉ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት፤ አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነው ለባርነት ይጓዙ በነበረበት ዘመን ወደ ደሴቲቱ ገባ። ዓሣው ደግሞ የጃማይካ ባሕር ዓሣ አይደለም፤ በሰሜን አትላንቲክ ተጠምዶ በጨው የደረቀ ኮድ የሚባለው ነው። በባሕር የተከበበ አገር የደረቀ ዓሣ ከሩቅ ማስመጣቱ ምን ይባላል? የሸንኮራ እርሻ ጌቶች ለባሮቻቸው ርካሽና ቶሎ የማይበላሽ ምግብ ስለ ፈለጉ ነው። የዳቦ ፍሬ የሚባለውንም ዛፍ ካፒቴን ብላይ በ1793 ከታሂቲ ያመጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ አኪና የጨው ዓሣ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ሆኗል።

ከቁርስ በኋላ መሪው እንግዶቹን በኪንግስተን ወዳለው ኮሮኔሽን ገበያ ይወስዳቸዋል። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት «እንደምን አደራችሁ» ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቦዬው፤ ካሳቫው፤ ሙዙና ቃሪያው ከገጠር ይመጣል፤ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የዚህ ንግድ አመጣጥ ነው። ጌቶቹ ባሮቹን ከመቀለብ ወጪ ለመዳን ለሸንኮራ የማይመቸውን ተረተር እየሰጡ ምግባችሁን ራሳችሁ ዝሩ አሏቸው። እነርሱም ዘርተው ከበሉ በኋላ የተረፈውን እሑድ እሑድ ወደ ገበያ እያወጡ ይሸጡ ጀመር። ነጻነት በሌለው ሰው እጅ የራሱ ገንዘብ የገባው በዚህ መንገድ ነው። የባርነት ሕግ በ1834 ተሽሮ ሙሉው ነጻነት በ1838 በመጣ ጊዜ፤ እርሻውንም ገበያውንም የሚያውቅ ሕዝብ ተገኘ።

ለምሳ በፖርትላንድ አውራጃ ወደ ቦስተን ቤይ የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። በዚያ ጀርክ የሚባለው ሥጋ በብርቱ ቃሪያና በፒሜንቶ ቅመም ታሽቶ፤ በፒሜንቶ እንጨት ፍምና ጢስ ላይ ይበስላል። ይህን ሙያ ያቆዩት ከእርሻው አምልጠው በተራራ የሸፈቱት ማሩኖች ናቸው፤ እንግሊዞች ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ በ1739 የሰላም ውል ተዋዋሏቸው። በሌላው ድስት የፍየል ሥጋ በከሪ ይሠራል፤ ይህም ከ1845 ጀምሮ በውል ለሥራ የመጡት ሕንዶች ያስለመዱት ነው። ሥጋ የማይበላ እንግዳ ቢኖር የራስ ተፈሪያን ወገኖች አይታል የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሥጋ የለውም፤ ብዙዎቹም ጨው አይጨምሩበትም፤ የጾም ምግባችንን ያስታውሳል። መሪው እንግዳው ከኢትዮጵያ መሆኑን ከሰማ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፤ ማለት በ1966 ደሴቲቱን የጎበኙበትን ቀን ሳያነሣ የሚቀር አይመስለንም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ወደ ብሉ ማውንቴን ይወጣል። ከፍታው 2256 ሜትር ነው። ቡና ወደ ጃማይካ የገባው በ1728 ሲሆን፤ ከዚህ ተራራ የሚለቀመው አብዛኛው ለብዙ ዓመታት ወደ ጃፓን ሲላክ ኖሯል። የቡና መነሻ አገራችን ናት፤ የበርበሬያችን ዘር ደግሞ ከአሜሪካ ወገን የመጣ ነው። ስለዚህ በዚያ ገበታ ፊት የምንቀመጥ ብንሆን ባዶ እጃችንን የመጣን አይደለንም።

አሁን በክፍላችን ብርቱ ክርክር ያስነሣውን ነገር እንናገር። መሪው ለምሳ በተቀመጠ እንግዳ ፊት የባርነትን ታሪክ ማንሣት ይገባዋልን? ከመካከላችን አንዳንዶቹ እንዲህ አሉ፤ «ሰውየው ለዕረፍት ከፍሎ መጥቷል፤ የበሰለችለትም ሴት ምግቧ እንዲጣፍጠው እንጂ እንዲያለቅስላት አትሻም።» ይህ ቃል ቀላል አይደለም። የሚበዛው ወገን ግን መሪው ዝም ያለ እንደ ሆነ እንግዳው «በባሕር ዳር ተቀምጠው የደረቀ ዓሣ የሚበሉ የሚያስቁ ሰዎች አየሁ» እያለ አገሩ ገብቶ ያወራል አለ። እኛም የምንቆመው ከዚህ ወገን ነው፤ ነገሩ በአጭር ቃልና ያለ ምሬት ይነገር፤ የምሳውም ዋጋ ሳይጎድል ከባለሙያዋ እጅ ይግባ እንላለን። ከክፍላችን በጎንደርና በላሊበላ እንግዳ የመምራትን ሥራ የሚያስቡ ስላሉ፤ ክርክሩ ለጃማይካ ብቻ አልነበረም። የተቃወሙን ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ከሻይ በኋላ ከእነርሱም ጋራ እንድትነጋገሩ እንለምናለን።