ሣሩን ማን ይጨደው?



በጥርና በሚያዝያ መካከል ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ሆኖ እናያለን። ከቡሬ አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ሣሩ ሲረግጡት ይሰባበራል። በዚህ ወራት እሳት ከየት እንደሚነሣ እናውቃለን። ማር ቆራጩ ጭስ ይዞ ይሄዳል፤ ከሰል አክሳዩ ፍሙን ሳያዳፍን ይመለሳል፤ ከብት ያለውም አዲስ ቡቃያ እንዲወጣለት ሆን ብሎ ይለኩሳል። ይህን ሰው ጥፋተኛ ብለን ብንተወው ነገሩ አያልቅም። ከብቱ በመጋቢት የሚበላው አጥቷልና።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን እሳት ታስታውሳላችሁ። ከሣሩ ጋር የነደደው አስታ ነበር፤ አስታ እርጥብ ሳለ እንኳ ይቀጣጠላል። እሳቱ ጠፋ ሲባል እንደ ገና ተነሣ። ሕዝቡ ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ገደሉ ግን አላስጠጋም። በሚያዝያ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ሲቃጠሉም ከውጭ አገር ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ለቡሬ ኮረብታ ግን ሄሊኮፕተር የሚልክልን ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተብለው ስለተከለሉት ኮረብታዎች በግልጽ እንነጋገር። መከለላቸው መልካም ነው፤ አፈሩ ቆሟል፣ ዛፉም አገግሟል። ነገር ግን ዘበኛ አቁመን ሣሩ እንዳይነካ ብቻ ከጠበቅን ለእሳት መኖ እያከማቸን ነው። ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሳይደርቅ፣ በማጭድ ይታጨድ። ለየቤቱ በዕጣ ይከፈል፤ ከብት የሌላት መበለትም ድርሻዋን ወስዳ ትሽጥ። ለበጋው ድርቆሽ ያከማቸ ሰው ኮረብታ የሚያቃጥልበት ምክንያት ያንሰዋል። ዕጣው በአድልዎ ከወጣ ግን ተከፍቶ የሚለኩስ አይጠፋም፤ ከሁሉ የምንፈራው ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የወንፈል ሥራ ነው። በክልሉ ዳር አፈሩ እስኪታይ ድረስ ሰፊ መስመር እንመንጥር፤ ከባሕር ዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠልና ቅርፊት እንጥረግ። ማር ቆራጮችን አስቀድመን እንጥራቸው፤ ውኃ ይዘው ይውጡ፣ ነፋስ በበረታበት ሰዓት አይቁረጡ።

እሳት ከተነሣ ልጆች አይውጡ። ማንም ከእሳቱ በላይ ባለው ዳገት አይቁም፤ እሳት ሽቅብ ሲሆን ከሰው ይፈጥናል። ነበልባሉ ከጠፋም ወደ ቤት አንቸኩል፤ ፍሙ በሥርና በጉቶ ውስጥ ይቆያልና በአፈር አዳፍነን ሌሊቱን እንጠብቅ።

የየአጥቢያው ሽማግሌዎች መስከረም ሳያልቅ ከቀበሌውና ከግብርና ባለሙያው ጋር ተቀምጣችሁ የማጨጃውን ቀን ቁረጡ። ዕጣው ሕዝብ በተሰበሰበበት ይውጣ። ማጭድ የሌለው ቤት ካለም ከወዲሁ መዝግባችሁ አሳውቁን።