ዐቃቤ ሕግ ለተበዳይ ይናገር

በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ባለሥልጣናት ከመክሰስ ባሻገር የተፈጸመውን ለትውልድ መዝግቦ የማቆየት አደራ ነበረበት። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ የደርጉ መሪ የነበሩት መንግሥቱ ኃይለማርያም ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ነው። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ በተደራረበባቸው በእነዚያ 12 ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር ተበዳይ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚነግረው ያስፈልገው ነበር።

በ2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንዲቋቋም አቅዷል። ይህ ተቋም አዊኛ በሚነገርባቸው እንጅባራና ዳንግላ ስለ ጉዳዮች ሂደት በአዊኛም መናገር አለበት። «ምርመራ ምስጢር ነው፤ ምስክር ይጋለጣል» ለሚሉ፣ ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ስምና ማስረጃ አይነገርም። ቃል የት እንደሚሰጥ፣ ቀጠሮው ለምን እንደተራዘመ መንገር ግን ማንንም አያጋልጥም። በ2003 የወጣው የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ማንነትን ለመደበቅ እንደሚፈቅድ ያልሰማች እናት፣ ለመመስከር እንዴት ትደፍራለች?