አገዳውንም እንቁጠረው



አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ዘላቂ ልማትና ኃላፊነት ስለሚሰማው ንግድ የምርምር አዝማሚያ እንድናገር ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ የተሰጠኝ ሰዓት ደግሞ ከምሳ በፊት ያለችው ጠባቧ ሰዓት ናት። ስለዚህ ዓለምን ላዙራችሁ አልልም። ብዙውን ጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ራያ ቆቦ ሜዳ ላይ።

በቅድሚያ አዝማሚያውን በአጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሃዋርድ ቦወን ስለ ነጋዴው ማኅበራዊ ኃላፊነት መጽሐፍ ሲጽፉ ጥያቄያቸው ነጋዴ ከትርፉ ባሻገር ለኅብረተሰቡ ምን ግዴታ አለበት የሚል ነበር። በ1970 ሚልተን ፍሪድማን የጨዋታውን ሕግ እስካከበረ ድረስ የኩባንያ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1987 የብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት ገና ያልተወለደውን ትውልድ ወደ ውይይቱ አስገባ። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ስለ ንግድና ሰብአዊ መብት የወጡትን መርሆዎች ሲያጸድቅ ደግሞ ጥያቄው ተለወጠ። «ምን ሰጠህ?» መሆኑ ቀርቶ «ስትሠራ ማንን ልትጎዳ እንደምትችል አስቀድመህ አይተሃል ወይ?» ሆነ።

ባጭሩ ነገሩ ከምጽዋት ወደ ሂሳብ ሄዷል። ሂሳብ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ በመዝገቡ ያልገባው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቆቦ ሁለት ነገር ታሳየናለች፤ አገዳንና ውኃን።

ከአገዳው ልጀምር። የቆቦ ሜዳ ገበሬ ኑሮው ማሽላ ነው፤ የማሽላው ጠላት ደግሞ አቀንጭራ። ላዩን ሲያዩት አበባው ያምራል፤ ታች ግን ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ይመጠምጠዋል። አንዱ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታና ባልደረቦቻቸው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን ምልክት አሳንሰው የሚያወጡ ማሽላዎችን ለይተው አባዙ። ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ከዚህ ሥራ የተገኙ ሁለት ዝርያዎች በአገራችን ሲለቀቁ አንዱ «አብሽር»፣ ሌላው «ጎብዬ» ተባለ፤ ጎብዬ ከቆቦ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ የምናልፋት ከተማ ናት። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም «ሆርማት» እና «ግራና አንድ» የተባሉትን አወጣ። ስማቸው የአገሬው ስም ነው።

ገበሬው ግን አዲስ ዘር ሲያሳዩት «አገዳውስ?» ብሎ ይጠይቃል። የተሻሻሉት ዝርያዎች ቶሎ የሚደርሱ፣ ቁመታቸውም አጭር ነው። ደገለትና ጅጉርቴ የሚባሉት የአገር ዘሮች ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ቁመታቸው ግን ሰውን ይውጣል። አገዳቸው የከብት መኖ ነው፤ የቤት መሥሪያና ማገዶም ነው። ዝናብ ቀድሞ በወጣ ዓመት አጭሩ ዘር ነፍስ ያድናል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ተመራማሪው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ ሲቆጥር፣ ገበሬው በበጋ በሬው ምን እንደሚበላ ይቆጥራል። ሁለቱም ሂሳብ ያውቃሉ፤ የያዙት መዝገብ ነው የተለያየው። ገበሬው ራሱ ማሳ ላይ ቆሞ ዝርያ የሚመርጥበት አሳታፊ ምርምር የመጣው ከዚህ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በግብርና ምርምር ካየናቸው ለውጦች ትልቁ ይኸው ነው፤ ምን እንደሚለካ የሚወስነው ሰው መብዛቱ።

ወደ ውኃው ልለፍ። ከምዕራብ ተራሮች እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ጎርፋቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ይህን ጎርፍ በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ማሳን ማጠጣት የራያ ገበሬ የቆየ እውቀት ነው። ተራ አለው፤ ተራውን የሚያስከብር ሽማግሌ አለው፤ ጠለፋው ሲሰበር ሁሉም ወጥቶ ይጠግናል። ውኃው በዓይን የሚታይ ስለሆነ መጣላትም መታረቅም ይቻላል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ወደ ከርሰ ምድሩ ውኃ ተወረደ። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይመረት ጀመር። ዝናብ ብቻ ይጠብቅ ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የጉድጓድ ውኃ እንደ ጎርፍ አይደለም፤ አይታይም። ጎረቤትህ ትናንት ማታ ምን ያህል እንደሳበ አታውቅም። የናፍጣና የመብራት ሂሳቡ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የሽንኩርቱ ዋጋም ይሰፍራል። የውኃው ወለል ከፍና ዝቅ ማለት ግን በማንም ነጋዴ መዝገብ ውስጥ የለም።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ሀብት የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎትም ቅድሚያ ይሰጣል። ዳሩ ግን ሕግ ኖሮ መለኪያ ከሌለ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ኤሊኖር ኦስትሮም በ1965 ያጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ ስላለ የከርሰ ምድር ውኃ ነበር። ሁሉም ያለ ልክ ሲስብ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓዶቹ ይገባ ጀመር። ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማን ስንት እንደሚስብ አወቁ፤ ከዚያ በስምምነትና በፍርድ ቤት ልክ አበጁለት። ኦስትሮም የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2009 ነው፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ በተሸለሙበት ዓመት። አንዳቸው ዘሩን፣ ሌላዋ መተዳደሪያውን ሰጡን። ለቆቦ ሁለቱም ያስፈልጓታል።

ወቅቱም አሁን ነው። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦ ሲደርስ የጠፋው ሕይወት በምንም አይመለስም። የተጎዳው ንብረት ግን መጠገኑ አይቀርም። የመስኖ ጉድጓድ ሲጠገን ፓምፑን ብቻ መልሰን እንተክላለን ወይስ መለኪያውንም አብረን? ፓምፕ ብቻ ከተከልን የተውነውን ጥያቄ ለልጆቻችን አወረስናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። መምህራኖቻችን፦ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ የገበሬውን ግማሽ ቀን ወስደው መጠይቅ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው ወሬያቸውን አይሰማም። ውጤቱ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ወደ ቀበሌው ሳይመለስ ጽሑፉ አይጽደቅ። ንግድ ላይ ያላችሁ፦ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ወጥቷል። ከዘር በፊት ዋጋውን፣ ጥራቱንና ምርቱ ባይወሰድ ኪሳራው የማን እንደሆነ ከገበሬው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የምትስቡትንም ውኃ መዝግቡ። ለትምህርት ቤት ደብተር አድሎ ፎቶ መነሳት መልካም ነው፤ ግን የውኃውን መዝገብ አይተካም። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በድርጅት ያላችሁ ደግሞ የአንድ ጉድጓድ የውኃ ወለል በየወሩ ተለክቶ ተጠቃሚው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሳያቋርጡ መለካትን ነው። የማይታየው ውኃ እንደ ጎርፉ ሲታይ፣ ተራ ማስከበሩን የራያ ሽማግሌ ያውቅበታል።

ምሳ ደርሷል።