የሚጠብቅ ፊደልና የሚያነብ መሣሪያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የኮምፒዩተር መሣሪያ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ስንሞክር፣ አዳማጫችን አንድ ዐይነ ስውር ወዳጃችን ነበሩ። መሣሪያው «ዋናው በር ተዘግቷል» የሚለውን ማስታወቂያ «ና»ን አላልቶ አነበበው። እሳቸውም «እዚህ ቤት መዋኛ መኖሩን ማን ነገረኝ!» ብለው ሳቁ። እኛ ግን ለመሳቅ አልደፈርንም፤ ዛሬ የበር ማስታወቂያ የሆነው ነገ የመድኀኒት ትእዛዝ ሊሆን ይችላልና።

በፖላንድ ቋንቋ ቢሆን ሥራው በቀለለን ነበር። እዚያ ቃሉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የድምፁ ጫና የሚያርፈው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ነው፤ ቀለም የምለው በአንድ የድምፅ ምት የሚወጣውን የቃል ክፍል ነው። «ቫርሻቫ» ሲሉ «ሻ» ትጐላለች። እንደ «ማቴማቲካ» ያሉ ጥቂት የውጭ ቃላት ከደንቡ ቢያፈነግጡም፣ መሐንዲስ ከኋላ ቆጥሮ ይደርስበታል።

በአማርኛ ግን ጫናው ደካማ ነው፤ ትርጕም የሚለየው መጥበቅና መላላት ሲሆን፣ ፊደላችን ይህን አያሳይም። ሳድሱም ሌላ ጣጣ አለው፤ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ባዶውን ይነበባል። «ትምህርት» አምስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፦ ትም-ህርት። «አልተመለከትንም» ዘጠኝ ፊደል ሲሆን ስድስት ቀለም ነው፤ «ከ» ስለምትጠብቅ ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ከፊተኛው ቀለም ጋር ትሄዳለች፦ አል-ተ-መ-ለክ-ከት-ንም።

ግሡን መሣሪያው ከሰዋስው ሊማረው ይችላል። «ሰበረ» ሲል «በ» ይጠብቃል፤ «ይሰብራል» ሲል ይላላል፤ ይህ ደንብ አለው። የቦታ ስም ግን የሚገዛው ደንብ የለም። «የካ» የክ-ካ መሆኑን የሚያውቅ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኑረው ነበር። ልማዱ አልተስፋፋም፤ እኔ እንደሚመስለኝ አንባቢው ቋንቋውን ስለሚያውቅ ነጥቡን አልፈለገውም። መሣሪያ ግን ቋንቋ አያውቅም። የጥብቀቱ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ዛሬ የጐደለን ምልክቱ ሳይሆን ጸሐፊው ነው።

ስለዚህ ካርታ የምታነሡና የመንደር ስም የምትመዘግቡ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ከአገሩ ሽማግሌ አፍ ስትቀበሉ የሚጠብቀውን ፊደል ነጥብ አድርጉበት። እኛ በመዝገባችን ከ«የካ» ጀምረናል።