ማርትሬዛን በውሃ መመዘን



አንዲት የጨንቻ እናት ከሣጥናቸው ያወጡትን ማርትሬዛ ለመሸጥ ወደ ሴቻ ቢወርዱ፣ ገዢው አስቀድሞ የሚመለከተው የተቀረጸበትን ዓመት ነው። 1780 የሚለውን ሲያነብ «ጥንታዊ ነው» ይላል፤ ገጹ ካብረቀረቀ ደግሞ «የዛሬ ሥራ ነው» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። ሁለቱም ፍርድ መሠረት የለውም። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖሯል። ኢጣሊያ በ1935 ማተሚያውን ከቪየና ወስዳ በሮማ አስመታች፤ ለንደንም በ1936 ተከተለች። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው መቼ ተመታ ሳይሆን ከምን ተመታ ነው።

ትክክለኛው ማርትሬዛ ሲወጣ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ክብደት ብቻውን ግን አይበቃም፤ አጭበርባሪው ሐሰተኛውን ጥቂት በማወፈር ያሟላዋልና። የሲራኩሱ ግሪካዊ አርኪሜድስ በንጉሥ ሂየሮን ዘውድ ላይ አደረገው የሚባለው ምርመራ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

እስከ መቶኛ ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ይቀመጥና ንባቡ ዜሮ ይደረጋል። ብሩ በቀጭን ክር ታስሮ፣ ታችና ጎን ሳይነካ ይጠልቃል። ትክክለኛ ከሆነ ሚዛኑ ወደ 2.75 ግራም ያሳያል፤ ብር የተቀባ መዳብ ከሆነ ግን ለዚያው ክብደት ወደ 3.13 ይደርሳል። የአርባ ምንጭ ውሃ ሞቅ ቢልም የሚያመጣው ስሕተት ከመቶ ግማሽ እጅ አይሞላም፤ ከዚህ ይልቅ በብሩ ላይ የሚለጠፈው የአየር አረፋ ያሳስታል። ብሩ ቢያልቅም ችግር የለም፤ በአየር ያለው ክብደት በውሃው ንባብ ሲካፈል 10.2 ገደማ መምጣቱ አይቀርም። ይህም በሞረድ ከመፋቅ እጅግ ይሻላል።

እርሳስና ቆርቆሮ በልክ ተደባልቀው ይህን ቁጥር ሊያስመስሉ ይችላሉ፤ ድምፃቸው ግን ድፍን ነው፣ እንደ ብር አያቃጭልም።

አስቸጋሪው ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ነው። ብየዳው ንባቡን ያዛባል፤ ቀለበቱን መንቀል ደግሞ ጌጡን ማበላሸት ነው። እንዲህ ላለው ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ማየት ይቀራል፦ ፍትሕንና ምሕረትን የሚጠራው የላቲን ጽሑፍ በተመታው ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በአሸዋ ቅርጽ በፈሰሰው ላይ ግን ፊደሎቹ ደብዝዘው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍተው ይገኛሉ።